ከጊዮርጊስ ወርደሽ ጠይቂ

(ይሄ ትያትርና አርክቴክቸር ለሚማሩ ልጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። በጽሁፍ ላኪልን ስላሉኝ ከተቀዳው ላይ ገለበጥኩት፣ አወራሬን ብዙም አልነካሁትም።)

እሺ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል አይደል? ጥሩ።

እኔ የትያትር ሰው አይደለሁም፣ ህንጻም ዲዛይን አላደርግም፣ የምሰራው አንድ የታክሲ ጥሪ ማዕከል ውስጥ ስልክ ተቀባይ ሆኜ ነው። ደንበኛ ይደውላል፣ የት እንደቆመ ይነግረኛል፣ እኔ ለሹፌሩ አስረዳለሁ፣ እዚህ ስራ ላይ ስድስት አመቴ ነው። ባለፈው ጥቅምት ፒያሳ ውስጥ እየተሄደ የሚታይ አንድ ትያትር ላይ ተሳትፌ ነበር፣ ያየሁትን ለአስተማሪያችሁ ሳወራላት መጥተሽ ለልጆቹ ንገሪያቸው አለችኝ፣ እሱን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

ከስራዬ ልጀምር፣ ምክንያቱም ትያትሩ ለምን እንደዛ እንደነካኝ ያለሱ አይገባችሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው አድራሻ አይነግርህም፣ መንገድ ነው የሚነግርህ። የመንገድ ስም አለን፣ ታፔላውም ተሰቅሏል፣ ግን እንደ ቸርችል ጎዳና ያሉ ጥቂቶቹ ካልሆኑ በስተቀር ስልክ ላይ የመንገድ ስም የሚጠራ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፣ ደብዳቤም ቢሆን በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው ሲመጣልን የኖረው። ሰው የሚለው «ማደያው ጋ ነኝ» ነው፣ «ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ፣ ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረበት»፣ «ቀይ በር ነው፣ ፊት ለፊቱ ሱቅ አለ፣ ሱቁ ዛሬ ዝግ ነው ግን በረንዳው ላይ ሰውዬ ተቀምጧል»። እና ይሄን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ መጨረሻ ላይ ሁሌም ማለት ይቻላል አንድ ነገር ይጨምራሉ፣ «እዛ ደርሶ ይጠይቅ፣ ማንም ያሳየዋል» ይሉኛል።

ይቺን ያዙልኝ። ማንም ያሳየዋል።

ይቺ ነገር ስትሰበር እኔ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ከ2016 የካቲት መጨረሻ ጀምሮ ፒያሳ ሲፈርስ፣ 2017 መግቢያ ላይ ደግሞ ካዛንቺስ፣ ደዋዩ «ዶሮ ማነቂያ ጋ ነኝ» ይለኛል፣ ፒያሳ ውስጥ የነበረው ሰፈር ማለት ነው፣ ሹፌሩ መስመር ላይ ሆኖ «የቱ ጋ?» ይላል፣ ደዋዩ «ያው የድሮው...» ብሎ ይጀምርና ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ አጭር ናት፣ አንድ ትንፋሽ ብትሆን ነው፣ ግን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ስትሰሚያት ትለምጃታለሽ ብሎ ነገር የለም። አሁን አሁን ብዙ ሰው አፑ ላይ ቦታውን ነክቶ ይልካል ወይ በቴሌግራም ሎኬሽን ይወረውራል፣ ለስራችን ይፈጥናል፣ ሹፌሮቹም ይወዱታል፣ እኔም አልጠላውም። ነገር ግን ሎኬሽን «ደርሰህ ጠይቅ» አይልም፣ የምትጠይቀው ሰው መኖሩንም አያውቅም።

ወደ ትያትሩ ልግባ።

የሰሩት ስድስት ወጣቶች ናቸው፣ ትልቅ ቡድን አይደሉም፣ መድረክም ቲኬት ቆራጭም የላቸውም። ቀድመህ ስምህን ታስመዘግባለህ፣ እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ጊዮርጊስ፣ ምኒልክ ሐውልት ስር ትገኛለህ ይሉሃል፣ በቃ። ሄድኩ። 18 ሰው ነን፣ እርስ በርስ አንተዋወቅም፣ ማን ተመልካች ማን ተዋናይ እንደሆነ ሳናውቅ እየተያየን ቆምን፣ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ሁለት ካሜራ የያዙ ልጆች፣ ልጇን ያዘለች እናት፣ ከውጭ ለእረፍት የመጡ የሚመስሉ ባልና ሚስት። ከዛ አንዲት ነጠላ ያጣፋች፣ ዘንቢል የያዘች ሴት ከቅዳሴ እንደወጣ ሰው ቀስ ብላ መጥታ እኔ ጋ ቆመችና «እህቴ፣ ዶሮ ማነቂያ በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

ስራዬ እኮ ነው። በቀን መቶ ጊዜ የምመልሰው ጥያቄ ነው። እጄን ልጠቁማት አነሳሁ፣ እጄ እዛው አየር ላይ ቆመ። ወዴት ነው የምጠቁማት?

እሷ ደግሞ መልስ እንደምትጠብቅ ሰው አይኔን እያየች ቆማለች። ከዛ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች፣ ከዛ ወደሚቀጥለው፣ አንዱ «ፈርሷል» አላት፣ አንዱ «ወደ ታች ነው» አላት፣ ካሜራ ከያዙት አንደኛው ስልኩን አውጥቶ ማፕ ላይ መፈለግ ጀመረ፣ ባርኔጣ ያደረጉት አባት ደግሞ «የኔ ልጅ፣ ከዶሮ ማነቂያ ማን ጋ ነው የምትሄጂው?» ብለው ጠየቋት። ይሄኔ ፊቷ በራ። የአክስቷን ቤት እንደምትፈልግ፣ ከብዙ አመት በኋላ እንደመጣች ነገረችንና ከዘንቢሉ ውስጥ ፖስታዎች አውጥታ ለያንዳንዳችን አደለችን። ፖስታው ውስጥ በእጅ የተጻፈ አንድ አንድ መስመር አለ። የትያትሩ ልጆች ከፒያሳ የተነሱ ሰዎች ጋ፣ አሁን ያሉበት ድረስ እየሄዱ፣ ድሮ ቤትዎ እንዴት ነበር የሚመጣው ብለው ጠይቀው የጻፉት ነው። የኛ ስራ ወረቀቶቹን አገጣጥመን፣ ተነጋግረን፣ ሴትየዋን በር ላይ ማድረስ ነው። ትያትሩ ይሄ ነው፣ ሌላ ታሪክ የለውም።

የኔ ወረቀት እንዲህ ይላል፣ «ከጊዮርጊስ ወርደሽ ጠይቂ።» በቃ ይቺው ናት። ሌላው ሰው ጋ «ከኬክ ቤቱ ታጠፊ» አለ፣ «የጫማ ጠጋኙን ጥላ ታያለሽ» አለ፣ እኔ ጋ ጠይቂ ብቻ። መጀመሪያ የደረሰኝ ነገር ባዶ መሰለኝ።

ምኒልክ ሐውልት ስር ትንሽ ቆየን፣ ባርኔጣ ያደረጉት አባት ሳይጠየቁ መናገር ጀመሩ። ሐውልቱ በ1923 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥና ዋዜማ መመረቁን፣ ጣሊያን ሲገባ ከቦታው ነቅሎ እንዳነሳው፣ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ እንደቆመ። «እሱም ተነስቶ የተመለሰ ነው» አሉ፣ ከዛ ወደ ሴትየዋ ዞረው «ተነስቶ የሚመለስ አለ፣ ሁሉም ግን አይደለም» አሏት። እኔ እሳቸውን ተዋናይ ናቸው ብዬ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ስጠይቅ እንደኛው ተመዝግበው የመጡ ሰው ናቸው። እንዲህ አይነት ትያትር ጥሩ ሲሆን ይሄን ያደርጋል፣ የሚያውቅ ሰው እንዲያወራ ቦታ ይለቅለታል። ጥያቄዋ «ታሪኩን ንገሩኝ» ቢሆን ኖሮ እሳቸው ዝም ይሉ ነበር ብዬ ነው የማስበው፣ «መንገድ አሳዩኝ» ስትል ግን ዝም ማለት ነውር ነው፣ መንገድ የጠየቀሽን ሰው ዝም አትይም፣ እንደዛ ነው ያደግነው።

ወረድን። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ጋ ደረስን፣ የካቲት 2016 የተመረቀው፣ ትልቅ ነው፣ እሁድ ስለነበር ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ፎቶ ይነሳል። እዛ ጋ ከተዋናዮቹ አንዱ የጣሊያን መኮንን ልብስ ለብሶ ብቅ አለና ስለ ፒያሳ አመሰራረት ረጅም ንግግር አደረገ። ይሄን ክፍል አልወደድኩትም፣ ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ። አስር ደቂቃ ሙሉ አንድ ሰው ሲናገር እኛ ተመልሰን ተመልካች ሆንን፣ የታዘለው ህጻን ማልቀስ ጀመረ፣ ካሜራ የያዙት ልጆች ተለይተው ሄዱ። የሚነገረው ነገር ጥሩ ነበር፣ ግን እየሄዱ በጨዋታ መሃል ቢነገር ነበር የሚጥመው። ለምሳሌ ቀጥሎ የሆነው ነገር።

እየሄድን ሴትየዋ «ፒያሳ ማለት ምን ማለት ነው?» አለች፣ እንደዋዛ። ከውጭ የመጣው ሰውዬ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው አላት። «ከሱ በፊትስ?» «አራዳ» አሉ አባትየው፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ትልቁ የአራዳ ገበያ ነበር፣ ጣሊያን ነው የሀገሬውን ገበያ አንስቶ አሁን መርካቶ የምንለው ቦታ የወሰደው። ይሄን ሲሉ ካሜራ ከያዙት አንዱ፣ ተመልሶ መጥቶ ነበር፣ «እና አራዳ ልጅ የምንለው ከዛ ነው?» ብሎ ቆመ። አዎ ከዛ ነው። ገበያው ተነሳ፣ ስሙ ሰው ላይ ቀረ። ከዛ በኋላ ሁላችንም ጀመርን፣ አንዷ ካዛንቺስ የጣሊያን የመንግስት ሰራተኞች የቤት ድርጅት ምህጻረ ቃል ነው አለች፣ ኢንቺስ፣ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች እንደማለት። ለገሃር በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፣ ላ ጋር። እኔ ደግሞ ስለ ሰባራ ባቡር ተናገርኩ፣ በምኒልክ ጊዜ ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባል አርመናዊ በእንፋሎት የሚሄድ መንገድ ላይ የሚነዳ ባቡር አምጥቶ ነበር፣ ሲበላሽ የቆመበት ቦታ ነው እስከዛሬ ሰባራ ባቡር የሚባለው። ብረቱ የለም፣ ከመቶ አመት በላይ ሆኖታል፣ ግን እኔ ትናንት ራሱ «ሰባራ ባቡር ጋ ነኝ» የሚል ደንበኛ ተቀብያለሁ።

ሴትየዋ ታድያ ይሄን ሁሉ ሰምታ «እና ዶሮ ማነቂያም አይጠፋም ማለት ነው?» አለች።

እዚህ ጋ ማንም አልመለሰላትም፣ እኔም ያኔ አልመለስኩላትም፣ ዛሬ ግን መልስ ያለኝ ይመስለኛል። ትልልቆቹ ስሞች ይቆያሉ። ታክሲ ይጠራቸዋል፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ይጮህባቸዋል፣ እሪ በከንቱ ለምን እሪ በከንቱ እንደተባለ የማያውቅ ሰውም እሪ በከንቱ ይላል። የማይቆዩት ትንንሾቹ ናቸው፣ የነርሷ በር፣ ቦኖው ጋ፣ ሰፊው ግቢ፣ ትልቁ ድንጋይ፣ እነዚህን የሚያውቃቸው አርባ አባወራ ብቻ ነው፣ አርባው አባወራ አንድ ቦታ እስካለ ድረስ ማፕ ላይ መግባት አያስፈልጋቸውም፣ የተበተነ ቀን ግን የሚጠራቸው አፍ የለም። እኔ ስራ ላይ የምሰማት ዝምታ እሷ ናት።

ደጎል ደረስን። እዚህ ጋ ወረቀቶቹ አለቁ። እውነቴን ነው፣ ሆን ብለው ነው የጨረሷቸው፣ የመጨረሻው ወረቀት «ከዚህ በኋላ የሚያውቅ ሰው ይምራሽ» ይላል። ሴትየዋ ዞር ብላ «ከናንተ ውስጥ እዚህ ሰፈር የነበረ ሰው ስልክ ቁጥር ያለው አለ?» አለች። ሶስት ሰው እጁን አወጣ። አንዷ እኔ ነኝ።

አክስቴ ዶሮ ማነቂያ ነው የኖረችው። የቀበሌ ቤት፣ አንድ ክፍል ከነጓዳው። ታውቃላችሁ በ1967 በአዋጅ 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፣ ከዛ በላይ ያሉት ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግስት መስሪያ ቤት። አክስቴ በወር የምትከፍለው 8 ብር ነበር፣ እስከመጨረሻው። ስምንት ብር ነው ስል ግን ርካሽ ነበር ማለቴ አይደለም፣ ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ሽንት ቤቱን ሰባት ቤተሰብ ነው የሚጠቀመው፣ ሌሊት ለመሄድ ሰው ይቀሰቀሳል። ማንም ያንን ቤት መልሱልኝ ሲል አልሰማሁም፣ እሷም አላለችም፣ አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ የራሷ መታጠቢያ ቤት አላት፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራ ነው የምትዞረው። ይሄን የምነግራችሁ ፍርስራሽ አይቶ ማልቀስ ብቻ ከሆነ ያኔ እዛ የነበረውን ኑሮ እንደማናውቀው ስለሚያሳይ ነው።

ደወልኩላት፣ ስፒከር ላይ አደረግኩት፣ 18 ሰው ከቦኝ ቆመ።

«እቴቴ፣ ፒያሳ ነኝ፣ ደጎል ደርሻለሁ፣ ቤትሽ እንዴት ነው የምመጣው?»

«የቱ ቤቴ?»

«የድሮው።»

ዝም አለች። ያችው ዝምታ። እኔ የማውቃት። ከዛ «ወይ ልጄ፣ ምን ልትሰሪ?» አለችኝ፣ ሰው ጠይቆኝ ነው አልኳት፣ እዚህ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አለ። ሰው ጠይቆኝ ነው ስላት ድምጿ ተለወጠ፣ በቃ ቁጭ ካለችበት ብድግ ያለች ነው የመሰለኝ።

«እሺ ስሚኝ። ወርቅ ቤቶቹን አልፈሽ ዋናውን አስፋልት ተይው፣ ወደ ታች ውረጂ። ድንጋይ ንጣፉ ይጀምራል። ጠባብ ነው፣ ዝናብ ከነበረ በግራ ግድግዳውን ተጠግተሽ ሂጂ፣ መሃሉ ውሃ ይይዛል። ቦኖው ጋ ስትደርሺ ሴቶቹን ሰላም በያቸው፣ ዝም ብለሽ ካለፍሽ ይታዘቡሻል። ከቦኖው ሶስተኛው በር የነርሷ ነው፣ ከሷ ቀጥሎ ጠላ ቤት አለ፣ እንጨት ላይ ጣሳ ተደፍቶ ታያለሽ። እዛ ጋ ቡቺ ይመጣብሻል፣ እንዳትሮጪ፣ ስሙን ከጠራሽው ራሱ ይሸኝሻል።»

እኛ እየሄድን ነው እንግዲህ። ስልኩን ወደ ላይ ይዤዋለሁ፣ ሰው ሁሉ ከድምጿ ኋላ እየተከተለ ነው። የምንሄድበት ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው፣ ንጣፉ አዲስ፣ የመብራት ምሰሶው አዲስ፣ የብስክሌት መስመር ተቀብቶ፣ ሳር ተተክሎ፣ ያምራል፣ እውነት ያምራል። ግን አክስቴ «ግድግዳውን ተጠግተሽ» ስትል ልጇን ያዘለችው እናት ወደ ግራ ተጠጋች። ግድግዳ የለም። ቦኖው ጋ ስትል ሁለት ሰው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፣ ቡቺ ስትል ህጻኑ «ቡቺ! ቡቺ!» ብሎ ተጣራ።

«ከዛ ደረጃ አለ» አለች፣ «አምስት ነው፣ ሶስተኛውን እንዳትረግጪው፣ ይነቃነቃል፣ ስንት ጊዜ አሰሩት ስል ኖሬያለሁ።»

ይሄን በአይኔ ባላይ አላምንም ነበር። አስራ ስምንት ሰው፣ ለጥ ባለ መሬት ላይ፣ አንድ፣ ሁለት ብሎ ረገጠና ሶስተኛውን ዘለለው። ማንም እንደዛ አድርጉ አላለንም። ባርኔጣ ያደረጉት አባት ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የኔን ትከሻ ይዘው ነው የዘለሉት። እዛ ጋ ቁጭ ብለው ያዩን የነበሩ ወጣቶች መሳቅ ጀምረው ነበር፣ ከዛ ዝም አሉ።

«ደረስሽ ወይ?» አለችኝ።

«ደረስኩ እቴቴ።»

«በሩ ክፍት ነው?»

ምን ልበላት? «ክፍት ነው» አልኳት።

«ግቢ እንጂ ታድያ፣ ምን ትቆሚያለሽ።»

(እዚህ ጋ ስናገር ቆም ብዬ ነበር፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።)

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ጥበቃ መጣ። ወጣት ልጅ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ደንግጦ ነው የመጣው፣ «ምንድነው የምትሰሩት?» አለን፣ በቁጣ ግን አይደለም። ሴትየዋ፣ ተዋናይቷ ማለቴ ነው፣ ከገጸ ባህሪዋ ሳትወጣ «ወንድሜ፣ እንግዳ ነኝ፣ ራስ መኮንን ድልድይ በየት ነው?» አለችው። ልጁ ወዲያው ዘበኝነቱን ረስቶ መንገድ አሳይ ሆነ። «ቀጥ ብለሽ ሂጂ፣ ፏፏቴውን ታያለሽ፣ ከፏፏቴው አልፈሽ የብስክሌት መንገዱን ተከትለሽ ውረጂ፣ ደርሰሽ ጠይቂ፣ ማንም ያሳይሻል» አላት። ቃል በቃል እንደዛ ነው ያለው። አዲስ አበባ ከገባሁ ሁለት አመቴ ነው ብሎ ነገረን፣ ነርሷን አያውቃትም፣ ቦኖውን አያውቀውም፣ የሱ ከተማ ከፏፏቴው ነው የሚጀምረው። እኔ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ በሱ አይደለም፣ ፏፏቴው ሲጠራ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ልጁ ያደረገው አክስቴ ያደረገችውን ነው። እሱም እንግዳ ሰው ሲጠይቀው ቆሞ አሳየ፣ እሱም እዛ ስትደርሺ ሰው ታገኛለሽ ብሎ አምኖ ነው የላካት። ትልቁ ጥያቄ ማታ ላይ እዛ የምትጠይቂው ሰው ይኖራል ወይ የሚለው ነው። ቀን ሰው ይመላለሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ መብራቱም እስከ ሌሊት ይበራል፣ ግን መንገድ የሚያሳየው ያደረ ሰው ነው፣ የሚያድርበት ቤት ከሌለ የሚያሳይ አይኖርም። አርክቴክቸር የምትማሩት ልጆች፣ እናንተን እዚህ ጋ ነው የፈለግኳችሁ። መንገድ ስትሰሩ፣ ምሽት 3 ሰዓት ላይ አንድ እንግዳ ሰው እዚህ ጋ ቢጠፋበት የማንን በር ያንኳኳል ብላችሁ ጠይቁ።

ከደጎል ወደ ታች ስንወርድ ጣይቱ ሆቴል ጋ አረፍ አልን፣ ከመቶ አመት በላይ የቆመ፣ በጥር 2007 እሳት የነካው፣ ግን ዛሬም በሩ ክፍት ነው፣ ቡና ጠጣን፣ ተዋናዮቹ እዚህ ጋ ከገጸ ባህሪያቸው ወጥተው እንደ ሰው አወሩን። ከዛ ራስ መኮንን ድልድይ ጋ መጨረሻው ሆነ። ሴትየዋ ዘንቢሏን አስቀምጣ ለሁላችንም ባዶ ወረቀት ሰጠችን፣ «ልጅ ሆናችሁ ያደጋችሁበት ቤት እንዴት ነው የሚመጣው? አንድ መስመር ብቻ ጻፉልኝ» አለችን። ጻፍን፣ ዘንቢሉ ውስጥ ከተትን። ለሚቀጥለው ጊዜ ፖስታዎቹ ውስጥ የሚገቡት እነዛ ናቸው። ከውጭ የመጣችው ሴት ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ቆየች፣ ባሏ ቢጠብቃትም አልተነሳችም፣ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አልበቃኝም ብላ በጀርባውም ጻፈች።

አንድ ደግሞ ቅር ያለኝን ነገር መናገር አለብኝ፣ ይሄን ልጆቹ ራሳቸው ንገሪ ብለውኛል። አክስቴን ሳላስጠነቅቃት ነው የደወልኩት፣ ስፒከር ላይ መሆኑንም አልነገርኳትም። ማታ 5 ሰዓት ላይ ራሷ ደወለችልኝ። እያለቀሰች ነው። ስለ ቤቱ አይደለም ያለቀሰችው። «ነርሷ የት እንደደረሰች አላውቅም» ነው ያለችኝ። አርባ አመት ጎረቤት ነበሩ፣ ሲነሱ አንዷ በአንድ አቅጣጫ፣ አንዷ በሌላ፣ ስልክ ቁጥሯ የተጻፈበት ወረቀት እቃ ሲጫን ጠፋ። ጠላ ቤት የነበረችው ደግሞ ሞታለች ሲሉ በወሬ ሰማሁ አለችኝ፣ መቼ እንደሞተች አታውቅም፣ ድንኳኑ ስር አልተቀመጠችም፣ ንፍሮ አልቀመሰችም። ድሮ እኮ ሌሊት የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ ከአልጋዋ ሳትነሳ በየት በኩል እንደተነፋ ሰምታ ማን ቤት እንደሆነ ታውቅ ነበር። ሰላሳ ምናምን አመት የከፈለችበት እድር አባላቱ ተበታትነው አሁን ያለችበት ኮንዶሚኒየም እንደ አዲስ መመዝገቢያ ከፍላ ገብታለች፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው ትላለች፣ ግን ስሟን ገና እየለመዱት ነው።

ስለዚ ለልጆቹ ነገርኳቸው፣ ሰው ከማስደወላችሁ በፊት አስጠንቅቁ፣ የሚደወልለትም ሰው ይወቅ፣ የሰው ትዝታ በስፒከር የሚሰማው ተፈቅዶ ነው። ተቀበሉኝ። አክስቴ ራሷ ግን በማግስቱ ምን አለችኝ፣ «ሌላ ጊዜ ከሄዳችሁ ደውሉልኝ፣ ከጠላ ቤቱ ቀጥሎ ያለውን ረስቼው ነበር፣ አሁን አስታውሼዋለሁ።»

ነርሷን ደግሞ እየፈለግናት ነው። እኔ ስራ ላይ በጣም ብዙ ሰው ነው የማወራው፣ ከዛ ሰፈር የተነሳ ሰው መሆኑን በአነጋገሩ ካወቅኩ፣ መኪናው እስኪደርስ ባለችው ሁለት ደቂቃ እጠይቀዋለሁ። እስካሁን ሁለት ሰው አውቃታለሁ ብሎኛል፣ አንዱ የልጇን ስም ነገረኝ።

የሚቀጥለው ዙር ከሶስት ሳምንት በኋላ እሁድ ነው፣ አሁንም ጠዋት 3 ሰዓት፣ አሁንም ምኒልክ ሐውልት ስር። 20 ሰው ነው የሚይዙት፣ ለመመዝገብ አስተማሪያችሁን ጠይቋት። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ፣ ምቹ ጫማ አድርጉ፣ ከተነሳ ሰፈር የሚደወልለት አንድ ሰው ቁጥር ያዙ፣ ደውላችሁ ያንን ቀን እንደምትደውሉላቸው ከአሁኑ ንገሯቸው። ቁጥሩ ከሌላችሁ ከእናታችሁ ጠይቁ፣ እናታችሁ ከሌላት ማን ጋ እንዳለ ታውቃለች።